ግማሽ ብርድ፦ በሞቃት አገር እባብን ስለ ማክረም

ጎንደር ከተማ ውስጥ ለእንስሳት ሕክምና ተማሪዎችና ለሌሎች ታዳሚዎች በቃል ከቀረበ ንግግር ተስተካክሎ የተጻፈ

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ውድ ተማሪዎች፦

የንግግሩን ርዕስ በር ላይ አንብባችሁ ወንበር ጫፍ ላይ የተቀመጣችሁ እንዳላችሁ ከዚህ ሆኜ አያለሁ። ስጋታችሁ ይገባኛል፤ «እባብ ያየ በልጥ በረየ» የሚል ሕዝብ ልጆች ነን። ቦርሳዬ ውስጥ ግን እባብ ቀርቶ ልጥም የለም። ይዤ የመጣሁት ቴርሞሜትርና ሚዛን ብቻ ነው፤ የምናገረውም ከእነዚህ ከሁለቱ ብዙ አይርቅም።

በውጭ አገር በርካታ ሰዎች መርዝ የሌላቸውን እባቦች በቤታቸው ያኖራሉ። ከእነዚህ እባቦች ብዙዎቹ ዝርያቸው በረዶ ከሚጥልበት አገር ነው። በተፈጥሮ ሲኖሩ በዓመት ውስጥ ለጥቂት ወራት ምግብ ትተው፣ ቀዝቅዘው፣ ከጉድጓድ ሳይወጡ ያሳልፋሉ። ባለቤቱ ግን በረዶ በማያውቅ ከተማ የሚኖር ሊሆን ይችላል። ብርዱን ከየት ያምጣው? እኔ ይህን ሥራ የተማርኩት ፍሎሪዳ ውስጥ ከተሳቢ እንስሳት አርቢዎች ጋር ስሠራ ነው። ጎንደር ከተመለስኩም በኋላ ከተማሪዎች፣ እንዲሁም ውጭ አገር ካሉ ዘመዶቻቸው የሚደርሰኝ ጥያቄ አንድ ነው፤ «ማሞቂያውን ባጠፋው አይበቃም?» አይበቃም። እንዲያውም ከሁሉ የከፋው ማሞቂያውን አጥፍቶ ዝም ማለት ነው።

መጀመሪያ ነገሩ በተፈጥሮ ምን እንደሚመስል እንይ። በካናዳ ማኒቶባ ግዛት ናርሲስ የምትባል ስፍራ አለች። ከመሬቷ ሥር ያለው የኖራ ድንጋይ ነው፤ ውኃ ለዘመናት ሰርስሮት ስንጥቅና ጉድጓድ ሆኗል። በመስከረም ጋርተር የሚባለው፣ ጎኑ ቀላ ያለው ቀጭን እባብ ከየረግረጉ ተነሥቶ ወደ እነዚህ ስንጥቆች ይጎርፋል። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ እባቦች ውርጩ ከማይደርስበት ጥልቀት ወርደው፣ እርስ በርስ ተጠላልፈው የብርዱን ወራት ያሳልፋሉ። ላዩ ላይ አየሩ ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ በሚሆንበት ጊዜ እነርሱ ያሉበት ጉድጓድ ከዜሮ ጥቂት ከፍ ያለ ነው። በሚያዝያ በረዶው ሲቀልጥ ወንዶቹ ቀድመው ይወጡና ሴቶቹን በጉድጓዱ አፍ ይጠብቃሉ። «እባብ ለእባብ ይተያያል ካብ ለካብ» የሚለው ተረታችን እንደተነገረ በዓይን የሚታይበት ቦታ ካለ እዚያ ነው።

ይህ እባብ ብዙ ተጠንቷል። ወንዱ ቀዝቅዞ ካልከረመ፣ ከዚያም ካልሞቀ፣ ሴቷ አጠገቡ ብትሆን እንኳን አይፈልጋትም። ፍላጎቱን የሚቀሰቅሰው የብርዱ ቆይታና ተከትሎት የሚመጣው ሙቀት ነው። በሰው ቤት በብዛት የሚገኙት የበቆሎ እባብና ኪንግ ስኔክ የተባለው እባብ የዚህን ያህል አክራሪዎች አይደሉም፤ ሳይቀዘቅዙም አንዳንዴ ይዋለዳሉ። ሆኖም ብርድ ሲያገኙ ወንድና ሴቷ በአንድ ጊዜ ለመገናኘት ይዘጋጃሉ።

እንግዲህ ከዚህ አንድ ነገር ይከተላል። እባቡን ለማስፈልፈል የማይፈልግ ሰው ማቀዝቀዝ አያስፈልገውም። የበቆሎ እባብ ዓመቱን ሙሉ እየሞቀና እየበላ 15፣ እንዲያውም 20 ዓመት በሰው ቤት ይኖራል። «ተፈጥሮው ስለሆነ ካልቀዘቀዘ ይታመማል» የሚሉ አሉ፤ እኔ አልቀበለውም። ተፈጥሮው ጭልፊት እየነጠቀው መሞትም ነው። ከሚጠይቁኝ ለአብዛኞቹ የምሰጠው መልስ «ተወው፣ በሰላም ይብላ» የሚል ነው። የቀረው ንግግሬ ማስፈልፈል ለቆረጡት ነው።

እባብ የገላውን ሙቀት የሚያገኘው ከውጭ ነው። አየሩ ሲቀዘቅዝ ደሙ ይቀዘቅዛል፤ የልቡ ምት፣ ትንፋሹ፣ የሆድ ዕቃው ሥራ ሁሉ አብሮ ይዘገያል። በግርድፉ፣ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲወርድ የሰውነቱ ወጪ ወደ ግማሽ ወይም ወደ ሲሶ ይቀንሳል። ማታ በአመድ የተዳፈነ ረመጥ አስቡ፤ አልጠፋም፣ እንጨትም አይፈጅም። በ12 ዲግሪ ያለ ጤነኛ የበቆሎ እባብ በሁለትና በሦስት ወር ጾም ከክብደቱ የሚያጣው ጥቂት ነው። ፈጽሞ ተኝቷል ማለት ግን አይደለም። አልፎ አልፎ ቦታውን ይቀይራል፣ ውኃ ይጠጣል፣ ሲነኩት ምላሱን አውጥቶ ያሸታል።

አሁን 12 የነበረው 20 ሆነ እንበል። ለእኛ 20 ዲግሪ ደስ የሚል አየር ነው፤ ለዚህ እባብ ግን ከሁሉ የከፋው ቁጥር ነው። ምግብ እንዳይፈጭ ይበርደዋል፣ እንዳያርፍ ይሞቀዋል። ስቡን በ12 ዲግሪ ከሚያወጣው ወደ እጥፍ በሚጠጋ ፍጥነት ይጨርሳል። ይቅበዘበዛል፣ ምግብ የሚፈልግ ይመስላል፣ ቢሰጡት ይውጣል፣ ከዋጠ በኋላ ግን ሆዱ ሥራውን አይሠራም። በሽታ የመከላከል አቅሙ እንደተዳከመ ነው፤ ሳንባውን የሚያጠቁት ባክቴሪያዎች ግን በዚያ ሙቀት እንደ ልባቸው ይራባሉ። ይህንን እኔ ግማሽ ብርድ እለዋለሁ። በሞቃት አገር ሲያከርሟቸው የሚያልቁ እባቦችን ብዙ ጊዜ የሚገድላቸው ይህ ነው።

ማያሚ በጥር ቀኑ 24 እና 25 ዲግሪ፣ ሌሊቱ 16 ገደማ ነው። ያየሁትን አንድ ልንገራችሁ። አንድ ደንበኛ ማሞቂያውን አጥፍቶ፣ መስኮቱን ከፍቶ፣ እባቡን እንደ ልማዱ አይጥ አበላው። ወደ እኛ ሲያመጣው ከእባቡ በፊት ሽታው ገባ። አይጧ ከቀናት በኋላ ተመልሳ ወጥታለች፤ ግራጫ ሆና አብጣለች፣ ጸጉሯ በጣት ሲነካ ከቆዳዋ ጋር ይላቀቃል። የተፈጨ ነገር የለም፤ የበሰበሰ ብቻ። የእባቡ ሆድ ከመካከሉ ጀምሮ በጋዝ ተወጥሮ፣ በቅርፊቶቹ መካከል ያለው ነጭ ቆዳ ይታይ ነበር። ያ እባብ አይጧን ስለተፋት ዕድለኛ ነው። ያልተፋው የብስባሹ መርዝ ወደ ደሙ ገብቶ ይሞታል።

«ጎንደር እኮ ብርድ ነው» ትሉኝ ይሆናል። እስቲ እንመርምረው። ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ነን። በታኅሣሥና በጥር ሌሊቱ ወደ 11 እና 12 ዲግሪ ይወርዳል። ይህ ለበቆሎ እባብ የሚፈለገው ልኩ ነው፤ ችግሩ ቀትር መኖሩ ነው። ቀትር ላይ 27 እና 28 ይደርሳል። የጥምቀትን ሌሊት በአፄ ፋሲል መዋኛ ያደረ ሰው ይህን በገላው ያውቀዋል፤ ጎሕ ሲቀድ ጋቢ ደርቦ ይንቀጠቀጣል፣ ታቦታቱ ወደየደብራቸው ሲሸኙ ያንኑ ጋቢ ለጥላ በራሱ ላይ ይዘረጋዋል። እባቡ በየቀኑ እንዲህ ቢሆን ሌሊት እየቀዘቀዘ፣ ቀን እየነቃ፣ ሳይበላ እየተንቀሳቀሰ ይከርማል። ክብደቱ በዓይን እየታየ ይቀንሳል።

አንድ ጎበዝ ተማሪ «ታዲያ ወፍራም ግንብ ውስጥ እናስቀምጠው» አለኝ። ሐሳቡ ያስደስታል። የፋሲል ግቢ ሕንጻዎች በ17ኛውና በ18ኛው መቶ ዘመን በድንጋይና በኖራ የተሠሩ ናቸው፤ በቀትር ፀሐይ ብትገቡባቸው ቅዝቃዜ ይቀበላችኋል። ወፍራም ግንብ የቀኑን ሙቀትና የሌሊቱን ብርድ ያደባልቃል። ነገር ግን 12 እና 28 ሲደባለቁ ስንት ይሆናሉ? 20። ያው የጠላነው ቁጥር! መሬት መቆፈርም ከዚህ አያድንም። ከመሬት በታች ጥቂት ሜትር ወረድ ሲባል የሚገኘው ሙቀት የአካባቢውን የዓመት አማካይ ይከተላል፤ የእኛ አማካይ ደግሞ 20 አካባቢ ነው። የናርሲስ ጉድጓድ የሚቀዘቅዘው በላዩ ያለው ዓመት ራሱ ቀዝቃዛ ስለሆነ ነው።

ወደ ላይ ብንወጣስ? በየ100 ሜትሩ ሙቀቱ በግምት 0.6 ዲግሪ ይቀንሳል። በዚህ ስሌት ደባርቅ ላይ የተቆፈረ ጉድጓድ 16 ገደማ፣ ሰሜን ተራሮች ውስጥ ሳንካበር ላይ የተቆፈረ 13 ገደማ ይሆናል። እነሆ፣ ብርዱን አገኘነው! ለስሌት ብቻ ነው የምለው፤ የባዕድ አገር እባብ ይዞ ወደ ብሔራዊ ፓርክ የሚሄድ ሰው ካለ መጀመሪያ የምከሰው እኔ ነኝ። የበርማ ዘንዶ ከሰው እጅ አምልጦና ተለቆ የፍሎሪዳን ኤቨርግሌድስ ረግረግ እንዴት እንደወረሰው አይቻለሁ።

ስለዚህ በጎንደርም ሆነ በማያሚ መልሱ ያው ነው። ብርዱ ይሠራል፣ ተሠርቶም ቀንና ሌሊት ሳይናወጥ ይያዛል። ይህን ማድረግ የማይችል አይጀምር።

ሁሉም እባብ ብርድ እንደማይፈልግ ደግሞ ይታወቅ። ቦል ፓይዘን የተባለችው ትንሽ ዘንዶ የጋና፣ የቶጎና የቤኒን ልጅ ናት። በ12 ዲግሪ ብታስቀምጧት ሳንባዋ ይታመምና ትሞታለች፤ ለእርሷ የሌሊቱን ሙቀት ጥቂት ዝቅ ማድረግ ብቻ ይበቃል። የእኛው ትልቁ ዘንዶም፣ የደቡብ አሜሪካው ቦአም እንዲሁ ናቸው። እነዚህ ከምድር ወገብ ብዙ ያልራቁ እባቦች ዓመቱን የሚቆጥሩት በብርድ ሳይሆን ይበልጡን በዝናብና በድርቅ ነው። የበቆሎ እባብ ራሱ ከኒው ጀርሲ እስከ ፍሎሪዳ ደቡባዊ ደሴቶች ተሰራጭቶ ይኖራል፤ የሰሜኑ ለወራት ይደበቃል፣ የደቡቡ ፀሐይ በወጣች ቁጥር ብቅ ይላል። የእባባችሁን ዘር ማወቅ የመጀመሪያው ሥራ ነው። ዓመት ያልሞላው፣ የከሳው፣ ቅማል ያለበት፣ አፉን ከፍቶ የሚተነፍስ፣ ወይም ዕንቁላል ጥላ ያላገገመች ሴት፣ እነዚህ ሁሉ በሙቀታቸው ይቆዩ። የእንስሳት ሕክምና ተማሪዎች፣ ዐይነ ምድሩን በማይክሮስኮፕ ሳታዩ ማንንም እንዳታቀዘቅዙ። በሙቀት ጊዜ ተቻችለውት የነበሩት ጥገኛ ትሎች እባቡ ሲዳከም አይምሩትም።

አሁን ወደ ዝግጅቱ ልግባ፤ እዚህ ላይ ረጋ ብዬ መናገር እፈልጋለሁ።

የመጨረሻው ምግብ ከተሰጠ በኋላ ሁለት፣ የተሻለው ደግሞ ሦስት ሳምንት ይጠበቃል። በእነዚህ ሳምንታት ምግብ የለም፤ ማሞቂያው ግን እንደ ወትሮው ይሠራል። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። «ምግብ ካቆምኩ ሙቀቱንም ላቁም» ይላል። ሆዱን ባዶ የሚያደርገው ሙቀቱ ነው! የሞቃቱ ጥግ 28 እና 29 ዲግሪ እንደሆነ ይቆይ፣ ውኃ ይኑር፣ እባቡ ዐይነ ምድሩን እስኪጥል ይጠበቅ። ከዚያ እባቡን አንሡና በጣቶቻችሁ ላይ ቀስ ብሎ እንዲያልፍ ተዉት። ከገላው የኋለኛው ሲሶ ላይ ጠጠር ያለ ነገር ጣታችሁን ከነካው ገና ነው፤ ይቆይ። ዓይኑ ደፍርሶ ወደ ሰማያዊ ካደላ ቆዳውን ሊገፍ ነውና እስኪገፍ ይጠበቅ። ክብደቱ ተመዝኖ፣ ቀኑ ተጽፎ ይቀመጥ።

ከዚያ በኋላ ሙቀቱ በየጥቂት ቀኑ በ2 እና በ3 ዲግሪ ይወርዳል። በሁለት ሳምንት ገደማ 12 ወይም 13 ላይ ይደርሳል። ለበቆሎ እባብና ለኪንግ ስኔክ ከ10 እስከ 14 ያለው ጥሩ ነው፤ ከ8 እስከ 12 ሳምንትም ይበቃቸዋል። በ18 እና በ20 መካከል ያለውን ግን ስታልፉት አትዘግዩ።

ብርዱን በምን እንሥራው? ሞቃት አገር ያሉ አርቢዎች ብዙዎቹ የሚጠቀሙት የወይን ጠጅ ማቀዝቀዣ ነው። ወይን ጠጅ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ይቀመጣል፤ ለእባብ የሚያስፈልገውም ከዚህ አይርቅም፣ በአጋጣሚ ገጠመ። ይህ ከሌለ ተራ ፍሪጅ ይሆናል፤ ሆኖም ተራ ፍሪጅ ለሥጋና ለወተት የተሠራ ስለሆነ 4 ዲግሪ አካባቢ ይወርዳል። ስለዚህ ከውጭ ቴርሞስታት ይገጠምለታል። ቴርሞስታቱ 12 ሲደርስ ኤሌክትሪኩን ያቋርጣል፣ 13 ሲያልፍ ይመልሳል። ሙቀቱን የሚለካው የቴርሞስታቱ ጫፍ መቀመጥ ያለበት እባቡ ባለበት ሳጥን ውስጥ ነው። ከፍሪጁ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ጫፍ የግድግዳውን ወሬ ነው የሚያወራው። ሁለተኛ ቴርሞሜትር ይጨመር፤ የቀኑን ከፍተኛና ዝቅተኛ የሚመዘግብ ቢሆን መልካም ነው። ቴርሞሜትሩን ለመፈተን በተፈጨ በረዶና በውኃ ውስጥ ይነከር፤ ዜሮ ማንበብ አለበት። በፈላ ውኃ አትፈትኑት፤ ጎንደር ላይ ውኃ የሚፈላው 93 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነ ደህናውን ዕቃ ተበላሽቷል ብላችሁ ትጥሉታላችሁ።

እባቡ የሚተኛበት ክዳኑ የሚቆለፍ የላስቲክ ሳጥን ነው፤ ጎኑ በጋለ ምስማር በርከት ተደርጎ ይበሳል። ውስጡ አሮጌ ጋዜጣ ተቀዶ ይነጠፍ። እንጨት ቤቶች ሰጋቱራ በነጻ ይሰጣሉና ብዙዎች እርሱን ይወዳሉ። ብናኙ ሳንባ ውስጥ ይገባል፤ የጥድ ሰጋቱራ ደግሞ ከናካቴው አይሞከርም። ለእኛ የሚጣፍጠን የጥድ ሽታ ለተሳቢ እንስሳት መርዝ ነው። የውኃው ዕቃ ከባድና ዝቅ ያለ ይሁን። ከፈሰሰና ንጣፉ ከራሰ የሆዱ ቅርፊት ውኃ ይቋጥርና ይቆስላል። ፍሪጁ በየሁለት ሦስት ቀኑ ተከፍቶ አየሩ ይታደስ። የቀዘቀዘ እባብ ብዙ አይተነፍስም፣ ግን ይተነፍሳል።

ብርሃን አያስፈልግም፤ ጨለማ ይስማማዋል። ጎንደር ላይ በዓመቱ ረጅሙና አጭሩ ቀን የሚለያዩት በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ ማኒቶባ ላይ ስምንት ሰዓት ያህል ይለያያሉ። በመስኮት የሚገባው የእኛ ብርሃን ለዚህ እባብ ስለ ወቅቱ ብዙ አይነግረውም። ቴርሞስታቱ ይንገረው።

በየሳምንቱ አንድ ጊዜ ማየት ይበቃል። በየቀኑ እየከፈቱ የሚጎበኙ ሰዎች ፍቅራቸው ይገባኛል፤ ግን ያስነቁታል። ስታዩት በጨርቅ ከረጢት አድርጋችሁ መዝኑት። 500 ግራም ሆኖ የገባ እባብ 450 ከደረሰ አሥር በመቶ አጥቷልና አሙቁት። የአፍንጫውን ቀዳዳ ወደ ጆሯችሁ አቅርባችሁ አድምጡ፤ ሲር የሚል ድምፅ ወይም አረፋ ካለ ዛሬውኑ ከብርድ ይውጣ፤ በብርድ ውስጥ መድኃኒትም በደንብ አይሠራለትም። ዓይኑ ወደ ውስጥ ከገባና ቆዳው ቆንጠጥ ሲደረግ ታጥፎ ከቀረ ውኃ ጠምቶታል። በዚህ ወቅት ከረሃብ ይልቅ የሚጎዳቸው ጥም ነው፤ ፍሪጅ አየሩን ያደርቃል።

ማሞቁ ከማቀዝቀዙ ፈጠን ይላል፤ አንድ ሳምንት ገደማ ይበቃል። መጀመሪያ ብዙ ይጠጣል። ከሞቀ ከሳምንት በኋላ ምግብ ይሰጠው፣ ከወትሮው አነስ ያለ። ብዙዎቹ ከዚያ በኋላ ቆዳቸውን ይገፍፋሉ። ሴቷ ስትገፍ ወንዱን ማስጠጋት ነው።

ከታዳሚዎች የተነሡ ጥያቄዎች ነበሩ፤ ጥቂቶቹን አብሬ አስፍራለሁ።

ከፊት የተቀመጡ አንድ አባት «ልጄ፣ ተኝቶ ሳለ መሞቱን በምን ታውቃለህ?» አሉኝ። አባቴ፣ ከጥያቄዎቹ ሁሉ የተሻለው ይህ ነው። በእጅዎ ይዘው በጀርባው ያስተኙታል። በሕይወት ያለ እባብ፣ ምንም ቢበርደው፣ ቀስ እያለ ሆዱን ወደ መሬት ይመልሳል፤ መጀመሪያ አንገቱ ይጠመዘዛል፣ ከዚያ መካከሉ፣ ጅራቱ በመጨረሻ። አንዳንዴ ደቂቃ ይፈጃል። ካልተመለሰም ቶሎ አይቅበሩት፤ ቀስ ብለው አሙቀው ይጠብቁ። ከሞቀም በኋላ ዝም ካለ ያን ጊዜ ሞቷል።

አንዲት እናት ውጭ አገር ያለው ልጃቸው እባቡን ከምግብ ጋር በአንድ ፍሪጅ እንደሚያስቀምጥ ነግረውኝ «ምን ልበለው?» አሉ። እናቴ፣ ይቆጡት። ጤነኛ የሚመስል እባብም ሳልሞኔላ የሚባለውን ባክቴሪያ ይይዛል። ፍሪጁ ለብቻ፣ የሚታጠብበትም ገንዳ ለብቻ ይሁን፤ ከነካ በኋላ እጁን በሳሙና ይታጠብ። በዚያ ላይ የቤት ፍሪጅ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚከፈት እርስዎ ያውቁታል።

ሌላው «ከጫካ ይዤ ባለማምደውስ?» ብሎ ጠየቀ። አይሆንም። የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ መያዝ በአዋጅ የተከለከለ ነው። ከአዋጁ በፊት ደግሞ እፉኝት አለች። ምንም የማትጎዳ የቤት እባብ ናት ብሎ እጁን የሰደደ ሰው መሳሳቱን የሚያውቀው ከተነደፈ በኋላ ነው። ወደ መተማ ቆላ የሚወርዱ የቀን ሠራተኞች ይህን ከእኔ የበለጠ ይነግሯችኋል።

የመጨረሻው የአንዲት ተማሪ ነበር፤ «መብራት ሲጠፋስ?» ጥያቄው ሲነሣ አዳራሹ ሳቀ፣ ነገር ግን ይህን ሳይመልስ የሚጀምር ሰው ባይጀምር ይሻላል። የፍሪጁን ባዶ ቦታ ሁሉ ውኃ በተሞሉ ፕላስቲክ ጠርሙሶች ሙሉት፤ ሃይላንድ የምንላቸው ማለቴ ነው። ቀዝቃዛ ውኃ ቶሎ አይሞቅም፤ በሩ ካልተከፈተ ለብዙ ሰዓታት ብርዱን ይዞ ይቆያል። መብራቱ ሲመለስ ኃይሉ ተለዋውጦ ፍሪጁን እንዳያቃጥለው ስታቢላይዘር ይኑር። ካልተመለሰ ከጎረቤት ፍሪዘር የተገኘ በረዶ የሆነ ጠርሙስ በፎጣ ተጠቅልሎ ከሳጥኑ ራቅ ብሎ ይቀመጥ፤ እባቡን አይንካ። ለአንድና ለሁለት ቀን 17 ወይም 18 ቢደርስ አይሞትም፤ ውኃውን ብቻ ተመልከቱ፣ ምግብ ግን እንዳትሰጡ። መጥፋቱ ከዚያ አልፎ ከቀጠለ፣ ወይም በየሳምንቱ የሚመላለስ ከሆነ፣ ከ12 ወደ 20 እያመላለሳችሁ አታክርሙት። እንቅልፉን አቋርጣችሁ እስከ 28 አሙቁትና መመገብ ጀምሩ፤ የዚያ ዓመት ዕንቁላል ይቅር።